አንድ ደቂቃ ከአርባ ሁለት ሰከንድ

…ፍራሹን ደግሞ መንገደኛ በሚያየው አጥር ላይ አልነበረም የምታሰጪው። ከጓሮ፣ ከሙዙ ኋላ፣ ሁለት ግንድ ላይ አጋድመሽ ነበር። እኔ ስነቃ ከሥሬ ያለው ጨርቅ ደረቅ ነው፤ መቼ እንዳነሳሽኝ፣ መቼ እንዳገላበጥሽኝ አላውቅም። ሰባት ዓመቴ ነበር። ጎረቤታችን እማማ ዲንቄ በአጥሩ ቀዳዳ አይታ «ምነው ገንዘቤ፣ ዛሬም ፍራሽ ታጠበ?» ስትልሽ… እዚህ ላይ ላቁመው። ምን ብለሽ እንደመለስሽላት አስታውሳለሁ፤ ግን አሁን አልጽፈውም። ሰላምታው ይቅደም።

እትዬ ገንዘቤ፣ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ ዳገቱን ስትወጪ አሁንም ትቆሚያለሽ? ደም ግፊትሽን ትለኪያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ «ጌታ ያውቃል» ብለሽ ትተሽዋል? የጋሽ ኦላና ሳል ለቀቀው? የዘንድሮው ቡና እንዴት ሆነ፣ ዝናቡ አላበላሸባችሁም? እኛ አለን። ደህና ነን ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ስለ ጤናሽ የጠየቅሁሽ ከልቤ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈውም ከልቤ ነው። ሁለቱንም አንብቢ፤ አንዱን አንብበሽ ሌላውን አትተዪ።

ለምን በወረቀት ጻፈ ትዪ ይሆናል። በስልክ ስናወራ ሦስት ጊዜ ዘግተሽብኛል፣ ሁለት ጊዜ እኔ ዘግቼብሻለሁ። በቴሌግራም ደግሞ ከእንግዲህ ወደ አንቺ የምልከው የለም፣ «ደህና አደርሽ» እንኳ ቢሆን። ይህን የምታመጣልሽ ፍሬ ናት፣ ከሥራችን ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው ጎረቤታችን። እናቷን ልትጠይቅ ነገ ወደ ጅማ ትሄዳለች፣ ረቡዕ ትመለሳለች። ፖስታውን አሽጌ በመገጣጠሚያው ላይ እፈርምበታለሁ። አባባ እንዲህ ሲያደርግ እስቅበት ነበር።

ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። የምታውቂውንም እደግመዋለሁ፤ እኛ ቤት ሆኖ ሲታይ ምን እንደሚመስል አታውቂምና።

ልጃችን ሉሊት በመስከረም ሁለት ጊዜ ስትወድቅብን፣ ሃያ ሁለት ሰፈር ያለ አንድ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ትዕግሥተኛ ሽማግሌ ነው። እኔ «ዓይኗ ወደ ላይ ይሄዳል» ስል ናኦሚ «የለም፣ ወደ ጎን ነው» ትላለች። እኔ «አምስት ደቂቃ» ስል እሷ «ኧረ አንድም አይሞላ» ትላለች። በመጨረሻ ብዕሩን አስቀመጠና «ልጆቼ፣ ስለ ሁለት የተለያዩ ልጆች ነው የምትነግሩኝ» አለን። «እንደገና ከመጣባት በጎኗ አስተኟት፣ ከራሷ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ። አንዳችሁ አጠገቧ ሁኑ፣ አንዳችሁ በስልክ ቅረጹልኝ። አይቼው ልወቅ።»

መስከረም ሃያ አምስት፣ እሑድ ከሰዓት መጣባት። ናኦሚ አጠገቧ ተንበረከከች፣ እኔ ቀረጽኩ። አንድ ደቂቃ ከአርባ ሁለት ሰከንድ። ልጄ ወለል ላይ ስትንዘፈዘፍ ስልክ ይዤ ቆሜ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ ምስሉ ጥርት ብሎ ወጥቷል። ናኦሚ «ሉሊቴ፣ እናቴ፣ አለሁ፣ እዚሁ ነኝ» ስትል ይሰማል። መጨረሻ ላይ ቀሚሷ ሲርስ ስልኩን ወደ መጋረጃው አዞርኩት። ዘግይቼ ነበር። ሦስት ሰከንድ ያህል ይታያል።

ሐኪሙ ሁለት ጊዜ ደጋግሞ አየው። የሚጥል በሽታ ነው፣ በመድኃኒት ይያዛል አለን፤ ጠዋትና ማታ የምትወስደውን ጻፈ። ስንወጣ «አሁን ከስልካችሁ አጥፉት» አለ። አላጠፋሁትም። በዚያው ቀን አንቺ ደወልሽ። «ምን እንደምትሆን ሳላይ እንዴት አድርጌ ነው የምጸልይላት? ላክልኝ እንጂ፣ እኔ ባዳ ነኝ?» አልሽኝ። አንቺ ባዳ አይደለሽም። እማዬ ስትሞት ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ። ላክሁልሽ። ከሥሩም «እትዬ፣ አንቺ ብቻ እዪው» ብዬ ጻፍኩ። ጽሑፉ አሁንም አለ፤ ማንበብሽን የሚያሳየው ምልክትም አለ።

አንቺ ግን ሠላሳ ሰባት እናቶች ያሉበት የጸሎት ቡድናችሁ ውስጥ አስቀመጥሽው። እንዴት እንደምትሠሩ አውቃለሁ፣ እዚያው አይደል ያደግሁት? የጸሎት ርዕስ ያለ ሙሉ ስም አይያዝም። «ሉሊት እዝራ፣ ሰባት ዓመቷ፣ አዲስ አበባ፣ አያት፣ የሚጥል መንፈስ።» ጌታ ቤታችን እንዳይጠፋው ነው? የአባቷን ስም ባትጽፉ ለማን እንደሚጸለይ ይቸገር ነበር? ይህን ሁለት ጊዜ ሰረዝኩት፣ ሁለት ጊዜ መልሼ ጻፍኩት። ይቆይ። በሽታ ብዬ የነገርኩሽን መንፈስ ብለሽ ጻፍሽው፤ እሱንም ዝም ብዬ ነበር።

ከዚያ ሚስኪ፣ ያቺ ከአንቺ ጋር የምትዘምረው፣ «ለበለጠ ጸሎት» ብላ ወደ አንድ ሰባኪ ቻናል ላከችው። የሰውዬውን ስም አልጽፈውም። እዚያ ሙዚቃ ተደረገበት። «በፊት» የሚል በቀይ ተጻፈበት። ከዚያ «አሁን» ይላል፤ ቢጫ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ሣር ላይ እየዘለለች ትሄዳለች፣ ከጀርባዋ የተቀረጸች። «ሉሊት እዝራ ከአያት፣ ተፈወሰች!» ሉሊት አይደለችም። ሉሊት ቢጫ ቀሚስ የላትም፣ ኖሯትም አያውቅም። ትናንት ስቆጥር ሁለት መቶ አሥር ሺህ ሰው አይቶታል። የልጄን እርጥብ ቀሚስ።

እኔ የሰማሁት ፀጉር ቤት ነው። ከሕንፃችን ሥር ያለው አብኔዘር ዘንድ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጨርቅ አንገቴ ላይ ታስሮ፣ የግራ ጎኔ ተቆርጦ ቀኙ ሳይነካ። ከኋላዬ ወረፋ የያዘው ጎረምሳ ስልኩን ከፈተ። መጀመሪያ ሙዚቃ ሰማሁ። ከዚያ የሚስቴን ድምፅ። «ሉሊቴ፣ እናቴ፣ አለሁ።» ናኦሚ ልትጠራኝ የመጣች መስሎኝ ወደ በሩ ዞርኩ። አብኔዘር «ኧረ ቀስ! ጆሮህን ልወስደው ነበር እኮ!» አለኝ። ጎረምሳው «ይሄን አይታችኋል? የኛው ሰፈር ልጅ ናት አሉ» አለ። አብኔዘር ማሽኑን እንደያዘ ጎንበስ ብሎ አየ። «ውይ፣ እናትየዋን ስማት፣ አንጀት ትበላለች» አለ። ወዲያው ደግሞ ወደ እኔ ዞሮ «ግን ድናለች፣ መጨረሻውን እየው፣ እየዘለለች!» ብሎ ስልኩን ፊቴ ላይ ደቀነው። እኔ የቀረጽኩትን ለእኔ አሳየኝ።

ከእነጨርቁ ወጣሁ። «ወንድሜ! ኧረ ግማሽህ ቀረ!» እያለ እስከ ደረጃው ተከተለኝ። ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ ኮፍያ አድርጌ ነው የምውለው። የቀረውን ለማስቆረጥ ሌላ ፀጉር ቤት መግባት አለብኝ፤ እዚያም ስልክ የያዘ ሰው ይኖራል።

ትምህርት ቤቱን ደግሞ ስሚ። በእረፍት ሰዓት ልጆቹ አዲስ ጨዋታ አላቸው። አንዱ መሬት ላይ ይወድቅና ይንቀጠቀጣል፣ ሌሎቹ ይቆጥራሉ፤ ብዙ የቆየ ያሸንፋል። ጨዋታው ስም አለው። «ሉሊት ሉሊት እንጫወት» ነው የሚባባሉት። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፣ ጫማዋን ሳወልቅላት። አላለቀሰችም። «አባ፣ እኔን ግን አያስገቡኝም» አለችኝ።

ርእሰ መምህሯ ወይዘሮ ብሩክታይት ጠሩኝ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ሲናገሩ ወረቀት ማስተካከል ያበዛሉ። «እኔ በበኩሌ ምንም ችግር የለብኝም አቶ እዝራ። ወላጆች ናቸው» አሉኝ። አንዳንዱ ይተላለፋል ይላል፣ አንዳንዱ ልጄ ፈርታ አልተኛም ብላ አደረች ይላል። የሐኪሙን ወረቀት አሳየኋቸው። «ይሄ ገና በሕክምና ላይ ናት ይላል፣ ቪዲዮው ድናለች ይላል። የትኛውን ልያዝ? ወላጆች ዋሻችሁን እያሉኝ ነው» አሉኝ። በመጨረሻ የቆረጡት ይህን ነው፦ ቪዲዮው እስኪወርድ ሉሊት ቤት ትቆይ፤ እስከ ዓርብ ኅዳር አሥራ ዘጠኝ ካልወረደ ቦታዋን ለተመዘገበ ሌላ ልጅ ይሰጣሉ። ስለዚህ ዛሬ እሑድ ነው፣ ልጄ ትምህርት ቤት ከሄደች ዘጠኝ ቀን ሆናት፣ የቀሩን አምስት ቀናት ናቸው።

ቻናሉ ጋ ደወልኩ። አንድ ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰው አነሳ። «ወንድማችን፣ እኛ የወሰድነው ከቤተሰብ የመጣ ምስክርነት ነው። መጀመሪያ የላከችው አክስቷ፣ የጸሎት አገልጋይ ናት» አለኝ። አባቷ እኔ ነኝ አልኩት። «የመጣው ግን ከአንተ አይደለም» አለኝ። አየሽ? ልጄ ከእኔ አይደለችም የመጣችው። «አክስቷ አልተፈቀደም ነበር ብላ በእጇ ጽፋ ከፈረመች እናወርደዋለን፣ ከቤተሰብ ጋር መጣላት አንፈልግም» ብሎ ባርኮኝ ዘጋው።

ስለዚህ ወደ አንቺ ደወልኩ። «የጌታን ሥራ አፍርሺ ነው የምትለኝ? ስንት ሰው አሜን ብሎበታል!» አልሽኝ። ያቺ የምትዘለው ልጅ ሉሊት አይደለችም አልኩሽ። ጋሽ ኦላና ከኋላ ሲያስል ሰማሁ። ከዚያ «በእምነት እሷ ናት» አልሽኝ። በእምነት እሷ ናት! ታዲያ ያቺን ልጅ አስተምሪያት፣ በእምነት። እኔ ቤት ያለችው ግን ጠዋትና ማታ መድኃኒት ትውጣለች፣ መስኮት ላይ ቆማ የትምህርት ቤቱ ሰርቪስ ሲያልፍ ታያለች፣ ናኦሚ ሰዓት ልታይ ስልኳን ስታነሳ ፊቷን በትራስ ትሸፍናለች። «እየቀረጻችሁኝ ነው?» ትላለች። አይደለም ስንላት ሁሌ አታምነንም። እንዴት ታምነናለች? ቀርጸናታል።

ንጹሕ ሆኜ እንዳይመስልሽ የምቆጣሽ። ሥራዬን ታውቂያለሽ፤ ሃያ ሁለት ያለችው ፎቶ ኮፒ ቤት። ሰው ወረቀቱን በቴሌግራም ወደ ሱቁ ስልክ ይልካል፣ «አትምልኝ፣ መጣሁ» ይላል፣ መጥቶ ይወስዳል። መታወቂያ፣ የፍቺ ውሳኔ፣ የደም ምርመራ። ሰውየው ይሄዳል፣ የላከው እኔ ጋ ይቀራል። አራት ዓመት ሙሉ አንዱንም አላጠፋሁም። ተበላሽቶ የታተመውን ደግሞ በኪሎ ለሾላ ገበያ ቅመም ሻጮች እሰጥ ነበር። ባለፈው ሳምንት ናኦሚ ኮረሪማ ገዝታ መጣች። የተጠቀለለበት ወረቀት የአንዲት ሴት የማሕፀን ምርመራ ውጤት ነው፣ ከነስሟ፣ ከነስልኳ። ዳሩ ላይ የእኔ ማሽን የሚተወው ጥቁር መስመር አለበት። ናኦሚ ኮረሪማውን ወደ ጣሳ ገለበጠችና ወረቀቱን አጠገቤ አስቀምጣው ሄደች።

በማግስቱ ሱቁን ዘግቼ ሳጠፋ ዋልኩ። አንድ ጠበቃ ደንበኛዬ በሩን አንኳኩቶ ገባ፣ ነገሩን ነገርኩት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል፣ መክሰስ ይቻላል አለኝ። «ግን ክስ የራሱን ጊዜ ነው የሚሄደው፤ አንተ ያለህ ዓርብ ብቻ ነው። መጀመሪያ እህትህን ያዝ።» እህትህን ያዝ አለኝ፣ የምታመልጪ ይመስል። የሴትየዋን ወረቀት ቀዳደድኩት። ስልክ ቁጥሯን ግን ከመቅደዴ በፊት አየሁት፤ ደውዬ ይቅርታ ልበላት ወይስ ጭራሽ ላስደነግጣት ነው? እስካሁን አልደወልኩም።

አሁን ወደ ፍራሹ ልመለስ። እማማ ዲንቄ «ዛሬም ፍራሽ ታጠበ?» ስትልሽ፣ «ጣሪያው አፍስሶብን ነው» አልሻት። ወሩ ጥር ነበር። አሮጊቷ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። «በጥር?» አለች። «በጥር» አልሻት፣ ዓይንሽን ሳትሰብሪ። ከሙዙ ኋላ ተደብቄ ሰምቼሻለሁ፤ አታውቂም ነበር። በሕይወትሽ ስትዋሺ የሰማሁሽ ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ማንም አልጠየቀኝም፣ ማንም አልሳቀብኝም፣ አድጌም ሰው ሆንኩ። የእኔን ፍራሽ ከሙዝ ኋላ የደበቀች እጅ የልጄን ቀሚስ ለአገር ሁሉ አሰጣችው። ይህን ነው ማሰብ ያቃተኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ መሳደብ ይበቃኝ ነበር።

ዋሺልኝ አልልሽም፤ ለእኔ አንዴ ዋሽተሻል፣ ይበቃል። የሆነውን ብቻ ጻፊ። በአንድ ገጽ ወረቀት፣ በእጅሽ ጽሕፈት፦ ቪዲዮውን ያካፈልሁት ወላጆቿን ሳልጠይቅ ነው፣ አባቷ ለማንም እንዳላሳይ ነግሮኝ ነበር፣ ልጅቷ በሕክምና ላይ ናት፣ ቢጫ ቀሚስ የለበሰችውን አላውቃትም። ስምሽን፣ ቀኑን፣ ፊርማሽን። ለፍሬ ስጫት። ለሠላሳ ሰባቱም ከስልካችሁ አጥፉ በያቸው፤ እያንዳንዳቸውን በስም ጥሪያቸው፣ ስም መጥራት ታውቁበታላችሁ። በቡድኑ ፊት ምን እንደሚያስከፍልሽ አውቃለሁ። ስንት ዓመት የመራሻቸው ሴቶች «ገንዘቤ ምስክርነት ካደች» ይሉሻል። ይበሉሽ። ሰባት ዓመቷ ነው እትዬ፣ እነሱ ትልልቅ ሴቶች ናቸው።

ፍሬ ባዶ እጇን ከመጣች ለገና አንመጣም። ይህን ለማስፈራራት አይደለም የምጽፈው፣ ተቀምጬ አስቤበታለሁ። አንቺ ስልክ ይዘሽ ባለሽበት ቤት ልጄን አላስገባም።

ለጋሽ ኦላና ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ ሳሉን ይታከም፣ ዝም ብሎ አይቀመጥ። ለልጅሽ ለረሆቦት፣ ፈተናዋን ማለፏን ሰምተን ደስ ብሎናል በያት፤ ናኦሚ የገዛችላትን ቦርሳ ከፍሬ ጋር ልከናል። ለእማማ ዲንቄ፣ በሕይወት ካሉ፣ ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ከቡና ለቃሚዎቹ የሚያስታውሰኝ ካለ ሰላም በዪልኝ። ለሚስኪ ሰላምታ የለኝም። ናኦሚ ሰላም ብላሻለች፤ እንዲህ ብለህ ጻፍ አላለችኝም፣ ግን ቦርሳውን ስታሽግ ለአንቺም ነጠላ ስትጨምር አይቻለሁ።

ወንድምሽ እዝራ
አያት፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ፖስታውን ሳላሽግ ሉሊት መጣች፤ ስለዚህ ይህን እጨምራለሁ። አሁን ማንበብ ጀምራለች። ጠረጴዛው ላይ ተደግፋ ጣቷን እያስኬደች ስሟን ፈለገች፣ አገኘችው፣ ደግማ አገኘችው፣ ከዚያ መቁጠር ጀመረች። «ስለ እኔ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ማን ነው የሚያየው?» አለችኝ። እትዬ ገንዘቤ ብቻ አልኳት። ስልኬን ከወረቀቱ አጠገብ አንስታ በፊቱ ደፋችው። ወደ ክፍሏ ሄደች፣ በሩንም ዘጋችው።